ለዕጩ መኮንን ዋስ የሚሆነው ማን ነው?

የሠላሳ ወታደር ሕይወት በትእዛዙ ሥር የሚውልን ወጣት ማን ይምረጠው፦ ፈተና ወይስ ሰው? ጥያቄው በየወረዳው ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን በሐሜት መልክ ነው። በጉራጌ የእዣ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአገናም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ ወደ መከላከያ ሠራዊት ለመግባት የሚሻ ወጣት ዕድሜውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ቁመቱንና ጤንነቱን ካሳየ በኋላ አንድ ነገር ይቀረዋል። የሚያውቀው ቀበሌ ወይም የአካባቢ አስተዳደር ስለ ጠባዩ ሊመሰክርለት ይገባል። የፊተኞቹን በሜትር፣ በሚዛንና በሰርተፍኬት ማረጋገጥ ይቻላል። የኋለኛው የሰው ቃል ነው፤ ሰው ደግሞ ዘመድ አለው፣ ቂም አለው፣ ውለታ አለበት። ስለዚህ ብዙ ቅን ሰዎች «ምስክርነቱ ይቅርና በውጤት ብቻ ይግቡ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መኮንን ለመሆን የሚታጭን ሰው የሚያውቀው ሰው ሊመሰክርለት ይገባል እላለሁ፤ ምስክርነቱ ግን ዋጋ የሚኖረው መስካሪው በስሙ ዋስ ሲሆን ብቻ ነው። ችግራችን ሰው ሰውን ማጨቱ አይደለም፤ አጭቶ ዘወር የሚል መብዛቱ ነው።

የፈተናን ወገን መጀመሪያ በሙሉ ኃይሉ ልስማው። ፈተና ዘመድ አያውቅም። እንሰት ተክሎ የሚያድር ገበሬ ልጅና የባለሥልጣን ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ይቀርብላቸዋል፤ አራሚው የማንን ወረቀት እንደያዘ አያውቅም። በየቢሮው ደጅ ሲጉላላ የኖረ ሕዝብ በሰው ዓይን ከመመዘን ይልቅ በቁጥር መመዘንን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ይሁንና ፈተና የሚለካው ተፈታኙ ተቀምጦ፣ ሰዓት ተሰጥቶት፣ ማንም ሳይተኩስበት የሚያውቀውን ነው። መኮንን የሚፈለገው በሌላ ሰዓት ነው፦ ሦስት ቀን ሳይተኛ ሲቀር፣ ከበላዩ ሕግ የሚጥስ ትእዛዝ ሲመጣለት፣ እጁ ላይ የወደቀ ምርኮኛ ሲማጠነው፣ ከወታደሮቹ አንዱ በሰላማዊ ሰው ቤት ዘረፋ ሲጀምር። ለእነዚህ ሁሉ ትክክለኛውን መልስ በወረቀት ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው በሰዓቱ እንደጻፈው ስለማድረጉ ግን ወረቀቱ ምንም አይነግረንም። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» ላይ የከተማይቱ ጠባቂዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በድካም፣ በፍርሃትና በተድላ ማባበያ እየተፈተኑ፣ ማን ጸንቶ እንደቆመ ዓመታት ሙሉ እየታየ እንዲለዩ የፈለገው ይህንኑ ስለተረዳ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቀው አብሮ የኖረ ሰው ነው፦ የክፍል ኃላፊው፣ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ አብሮት ሸክም የተሸከመው። (የቁመት መለኪያ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ መምጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በሴንቲሜትር የተመለሰ ጀግና ስንት እንደሆነ የሚቆጥር የለም።)

ከዚሁ አካባቢ ታሪክ የሚወጣ ማስረጃ አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጨቦና ጉራጌ ምድር በተደረገ ጦርነት በወጣትነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ናቸው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተወስደው በምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። አንዱ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆነው በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የመንግሥቱ ምሰሶ ነበሩ፤ ሌላው በዐድዋ መድፍ ስማቸውን ተክለው በስተርጅና በ1929 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ሁለቱም ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም። ማንኛውም የጽሑፍ ፈተና ቢቀርብላቸው ከበር ይመለሱ ነበር፤ በትውልድም ቢመዘኑ ከተሸናፊው ወገን የተገኙ ስለሆኑ ማንም አያጫቸውም ነበር። ያሳለፋቸው ለዓመታት አጠገባቸው ሆኖ ያያቸው ዓይን ነው። «አባ መላ» የተባሉት ሀብተ ጊዮርጊስ በፍርድ አዋቂነታቸው ይበልጥ መታወቃቸው ደግሞ ልብ ይባል፤ ጦሩን የመሩት በክንዳቸው ብቻ አልነበረም። ይህ ማስረጃ ግን በሌላ በኩል ይቆርጠኛል። አንድ ንጉሥ ሁለት ምርኮኛ ልጆችን አየ፤ ያልታዩት ስንት ናቸው? ከዚያው ዘመቻ ተማርከው ስማቸው ሳይነሣ ባርነት ውስጥ የቀሩት ውስጥ ሌላ አባ መላ አልነበረም ብሎ የሚምል ማን ነው? በአንድ ሰው ዓይን ላይ ብቻ የቆመ ምርጫ ድንቅ ሰው ሊያወጣ ይችላል፤ ሥርዓት ሊሆን ግን አይችልም።

ሥርዓት የሚሆነው የሚያጨውና የሚሾመው ሁለት የተለያዩ እጆች ሲሆኑ ነው። ይህ የዘመናዊ አስተዳደር ፈጠራ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም መጀመሪያ ላይ ሙሴ ሸክሙ ሲከብደው ሕዝቡን ከየነገዳችሁ ጥበበኛና የታወቁ ሰዎችን አቅርቡ ይላቸዋል፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቃ አድርጎ የሚሾማቸው ግን እርሱ ራሱ ነው። የሚያውቀው ያቀርባል፤ ኃላፊነቱን የሚሸከመው ይሾማል። በሐዋርያት ሥራም የይሁዳ ቦታ ሲጎድል ማኅበሩ መስፈርት አወጣ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ የነበረ መሆን አለበት አለ፤ ሁለት ሰዎችን አቀረበ፤ ከዚያ ዕጣ ጣለ። የመጨረሻው ውሳኔ ከአጪዎቹ እጅ እንዲወጣ መደረጉን ሰባኪዎቻችን ብዙም አያነሡትም። በዘመናችን ይህንን ክፍፍል በሕግ አጥብቃ የያዘች አገር አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1802 ለተመሠረተው የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የዕጩዎችን ቦታ ለየምርጫ ወረዳው ያከፋፈለ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1843 ወጣ፤ መኮንንነት የጥቂት ከተሞችና የጥቂት ቤተሰቦች ርስት እንዳይሆን ነው። ዛሬም አመልካቹ ለአካዳሚው ከሚያቀርበው ማመልከቻ ጎን ለጎን ከአካባቢው እንደራሴ፣ ከሴናተሮቹ ወይም ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ጥቆማ መጠየቅ አለበት። አንድ እንደራሴ በአንድ አካዳሚ በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ተማሪዎች በስሙ ሊኖሩት አይችሉም። የተጠቆመ ሁሉ አይገባም፤ አካዳሚው ትምህርቱን፣ የአካል ብቃቱንና ጤናውን መርምሮ ከተጠቆሙት ይመርጣል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅም መኮንን መሆን ቢያምረው የሚያንኳኳው ይህንኑ በር ነው። ቦታው የተወሰነ መሆኑ ለእኔ ዋናው ነጥብ ነው። አምስት ቦታ ብቻ ያለው ሰው አንዱን ለወንድሙ ልጅ ሲሰጥ ከሌላ ሰው ልጅ ነጥቆ እንደሆነ ሁሉም ያየዋል፤ ወሰን የሌለው የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን ከማንም ምንም የነጠቀ አይመስለውም።

ወደ ዋስትናው ልመለስ። በየመርካቶው የጉራጌ ነጋዴ ዕቁብ የሚጥል ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፦ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ የሚጠራው ጨዋታ ለማሳመር አይደለም፤ ሰውየው ቢጠፋ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ለጥቂት ሺህ ብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በሠላሳ ሰው ሕይወት ላይ ለሚሾም ወጣት ማኅተም ያረፈበት፣ «መልካም ሥነ ምግባር ያለው» የሚል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ደብዳቤ ይበቃናል። ደብዳቤውን የፈረመው ሰው ልጁን አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ ልጁ ነገ ቢያጠፋም የሚጠይቀው የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በማንም ላይ እጅ ለመጫን እንዳይቸኩል፣ ካልሆነ የሌላው ኃጢአት ተካፋይ እንደሚሆን ያስጠነቅቀዋል። የሿሚው ነፍስ ከተሿሚው ሥራ ጋር ትታሰራለች ማለት ነው። የሶንግ ዘመን ቻይናም ይህንን ወደ ሕግ ቀይራው ነበር፤ ለሹመት ሰው ያቀረበ ባለሥልጣን ያቀረበው ሰው ቢያጠፋ አብሮ ይቀጣ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ በተጣመመ መንገድም ቢሆን ያው ነገር ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1871 ድረስ የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ በነበረበት ጊዜ፣ ጥፋት ሠርቶ የተባረረ መኮንን የከፈለውን ያጣ ስለነበር ገንዘቡ የመልካም ጠባይ መያዣ ነው ይባል ነበር። መያዣ የማስፈለጉን ነገር በትክክል አይተውታል፤ መያዣው ገንዘብ ሲሆን ግን ዋስ የሚኖረው ሀብታም ብቻ ይሆናል። የድሃው ልጅ መያዣ የሚያውቁት ሰዎች ስም ነው፤ ያንን ደግሞ ገንዘብ አይገዛውም።

ዋስ የሌለበት ዕጩነት ምን እንደሚያመጣ የራሳችን ዘመን በሁለት አቅጣጫ አሳይቶናል። አንደኛው በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ነው። በአዋጁ ሥራ ላይ ወጣቶችን መዝግቦ የማቅረቡ ሸክም በቀበሌዎችና በገበሬ ማኅበራት ላይ ወደቀ። ኮታ መሙላት ያለበት ሊቀ መንበር የራሱንና የወዳጆቹን ልጆች አስቀርቶ የተጣላውን ጎረቤት ልጅ፣ አባት የሌለውን፣ መንገድ ላይ የተገኘውን ይሰጥ ጀመር፤ «አፈሳ» የሚለውን ቃል ያ ትውልድ አይረሳውም። ኦሪት አዲስ ቤት የሠራውን፣ ወይን የተከለውን፣ ሚስት ያጨውን፣ ልቡ የፈራውንም ጭምር ከጦርነት እንዲመለስ የሚፈቅድ ሕግ እያለው፣ ኦሪትን በሚያነብ አገር ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ጠፋ። ሁለተኛው በሰኔ 1966 ዓ.ም. የሆነው ነው። የጦር ክፍሎች ተወካዮቻቸውን ኋላ ደርግ ለተባለው ኮሚቴ ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ፣ በኋላ የአገሪቱ መሪ የሆኑት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም ከሐረር ከሦስተኛ ክፍለ ጦር ነበር የመጡት። በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነገረው፣ የተላኩት አስቸጋሪ ስለነበሩ፣ አለቆቻቸው ከፊታቸው ዞር እንዲሉላቸው ስለፈለጉ ነው የሚል ነው። እውነቱ በትክክል ይህ ይሁንም አይሁን፣ ወሬው ራሱ ሁላችንም የምናውቀውን ልማድ ያስታውሰናል፤ መጥፎ ሠራተኛን በጥሩ ደብዳቤ መሸኘት። የሚሸኘው ሰው የሚደርስበት ቦታ ከሸኚው ቦታ ሊበልጥ እንደሚችል ማንም አያስብም።

«እንግዲያው ሿሚው የሚያምነውን፣ ታማኝነቱን ያረጋገጠለትን ይሹም» የሚል አለ። በአገራችን የቆየ ሐሳብ ነው፤ ሹመት የሿሚው ስጦታ፣ ተሿሚውም የሿሚው ሰው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የዚሁ ሐሳብ ሌላ ገጽ ነው፤ ሹመት የተሰጠ ድርሻ ከሆነ መብላት ይከተላል። ይህ አስተሳሰብ ግን በራሱ መለኪያ እንኳን አይሠራም። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የሆኑት ንጉሠ ነገሥቱ ካመኗቸው ሰዎች አንዱ ስለነበሩ ነው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥቱን የመሩት እርሳቸው ናቸው። በሌላ ወገን ደግሞ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መሪነት የተከፈተውን የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች እናስታውስ። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ የጣሊያን ጦር ደረሰባቸው። ጥቂቶቹ ወደ ጣርማ በር ወጡ፤ ንጉሡ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ከሄዱ በኋላም ከእነርሱ ውስጥ በወለጋ «ጥቁር አንበሳ» ከተባሉት አርበኞች ጋር ተሰልፈው የተዋጉ አሉ። ያጸናቸው ለሾማቸው ሰው የነበራቸው ውለታ ቢሆን ኖሮ ውለታው ባቡር ተሳፍሮ በሄደ ጊዜ ትጥቃቸውን በፈቱ ነበር። ስለዚህ አጪው «ይህ ልጅ ለእኔ ይታመናል?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ጥያቄውን ከመነሻው ስቷል። ዋስ የሚሆነው ለራሱ ሳይሆን ለሦስተኛ ወገን ነው፦ ልጆቻቸውን ለዚህ መኮንን ለሚሰጡት እናቶችና መሣሪያው በአጠገባቸው ለሚያልፍ ሰላማዊ ሰዎች።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የሚመጣው ከተማሪው ከራሱ ነው። «እኔ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ፤ ሮጬ አሸንፌአለሁ፤ ጤነኛ ነኝ። የሰው ቃል ለምን ያስፈልገኛል? ይገባኛል።» ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ማዘዝ «ይገባኛል» የሚባል ነገር ነው ወይ? ደመወዝ ይገባል፣ ሽልማት ይገባል፤ ውጤትም መታየትንና በእኩል መወዳደርን መብት ያደርጋል። ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ግን አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ በባለአደራው ብልጫ ብቻ ሳይሆን በአስረካቢው እምነትም የሚተላለፍ ነው። በእስልምና ትውፊት አቡ ዘር የተባለው ሰሓባ (የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ) ሹመት እንዲሰጠው ሲጠይቅ ነቢዩ ደካማ መሆኑንና ሹመት አማና (አደራ) መሆኑን፣ በሚገባ ካልያዙት በትንሣኤ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን ነግረው ከልክለውታል። አቡ ዘር በዲኑና በእውነተኛነቱ የተመሰገነ ሰው ነበር። ቅድስናው እንኳን ለዚያ ሥራ አልበቃውም፤ ለጥሩ ሰውነት የሚሰጥ ዋጋ አልነበረምና። በሌላ በኩል ነቢዩ ዩሱፍ በግብፅ ጎተራ ላይ እንዲሾም ራሱን አቅርቦ ጠባቂና አዋቂ መሆኑን ገልጿል፤ አላህም አልወቀሰውም። ሁለቱን ሳስተያያቸው መጠየቅ በራሱ ነውር እንዳልሆነ አያለሁ። ዩሱፍ ራሱን ያቀረበው ቀድሞ የሚያውቁት ሰዎች ስለ እውነተኛነቱ ከመሰከሩለትና ክሱ ከተነሣለት በኋላ ነው፤ የጠየቀውም ረኀብ ሊመጣ ሲል ነው፤ የፈለገውም ክብሩን ሳይሆን ሥራውን ነው። ስለዚህ ለአካዳሚ ለማመልከት የሚነሣ ወጣት ምስክር መፈለጉ አያሳፍረውም። የሚያሳፍረው ማንን እንደሚፈልግ ነው። ማኅተሙ ትልቅ የሆነውን ሰው ፍለጋ ወልቂጤና አዲስ አበባ ከሚመላለስ፣ ፈተና ላይ ሲኮርጅ ወይም ሳይኮርጅ ያየውን መምህሩን ቢለምን የሚያገኘው ምስክርነት እውነተኛ ይሆናል፤ ምናልባትም የማይመች።

በአገራችን ሌላ መልክ ያለው ክርክር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ አባላት ስብጥር የብሔሮችን፣ የብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ እንዲሆን ያዛል፤ በዚያው አንቀጽ ሠራዊቱ ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራም ያዛል። አንዳንዶች ተዋጽኦ ብቃትን ይገፋል ይላሉ። እውነት ነው፣ ኮታ ብቻውን ሲቆም እንደ 1975ቱ ዘመን ቁጥር መሙያ ይሆናል። ነገር ግን የሙሴን ሹመት ያስተዋለ ሰው «ከየነገዳችሁ» የሚለው ትእዛዝና «ጥበበኞችን» የሚለው መስፈርት በአንድ ትንፋሽ መነገራቸውን ያያል። ከየአካባቢው መውሰድ ከየአካባቢው ማንንም መውሰድ ማለት አይደለም። ከውጭ አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1932 ቤንጃሚን ዴቪስ የተባለ ጥቁር ወጣት ዌስት ፖይንት የገባው በወቅቱ በአሜሪካ ምክር ቤት ብቸኛው ጥቁር እንደራሴ የነበሩት የቺካጎው ኦስካር ደ ፕሪስት ስላጩት ነው። የመግቢያ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ወድቆ በሁለተኛው አለፈ። በአካዳሚው አራት ዓመት ሙሉ ጓደኞቹ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገሩትም፤ ብቻውን ተኛ፤ ብቻውን በላ። እ.ኤ.አ. በ1936 ከ276 ተመራቂዎች 35ኛ ሆኖ ወጣ፤ ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቁር አብራሪዎችን መርቶ ጄኔራል ሆነ። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነበር፤ ግን ያለ አጪ ወደ ፈተናው ክፍል አይደርስም ነበር። ያለ ፈተናው ደግሞ ጠላቶቹ «በችሎታ አልገባም» ይሉት ነበር። አንዱ ሌላውን አይተካም። ነቢዩ ሙሐመድ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የነበረውን ኡሳማ ኢብን ዘይድን በትላልቅ ሰሓቦች ላይ የጦር አዛዥ ሲያደርጉት በዕድሜው ለጋነት ያጉረመረሙ ነበሩ፤ በአባቱ፣ ነፃ በወጣው ባሪያ በዘይድ፣ ሹመትም ቀድሞ ተጉረምርሞ ነበር። የበታች ከሚባል ወገን የወጣ ዕጩ ሁልጊዜ ከሌላው እጥፍ እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ አጪው ያንን ሸክም አብሮት ለመሸከም ካልተዘጋጀ ባያጨው ይሻላል።

«ሹመት ከእግዜር ነው፤ እኛ ማን ነን የምንመረምረው?» የሚሉ ሽማግሌዎችን በአክብሮት እቃወማለሁ። ይህ አባባል ትሕትና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ስህተት ከተሠራ በኋላ፣ ተጠያቂውን ከጥያቄ ለማዳን ነው። ሐዋርያት ዕጣ የጣሉት መስፈርት አውጥተው ሰው ከመረመሩ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ሳኦል በዕጣም ወጥቶ፣ ተቀብቶም፣ ተሳሳተ፤ የቀባው ሳሙኤልም «ከእግዜር ነው» ብሎ አልተገላገለም፤ አለቀሰለት፤ ልቅሶው ረዝሞ እግዚአብሔር ራሱ እስከ መቼ ነው ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ። ያጨው ሰው ሲወድቅ የሚያዝን ሿሚ በመጽሐፉ አለ፤ በቢሮዎቻችን ግን ብዙ አላየንም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ አደጋ አለበት። አጪ ሁሉ ስለዕጩው ጥፋት የሚጠየቅ ከሆነ ማንም ማንንም አያጭም፤ ወይም እርግጠኛ የሚሆንበትን፣ ማለትም የራሱን ዘመድ ብቻ ያጫል። የቻይናው ሕግም ይህ ፈተና ነበረበት፤ የሚፈራ ሰው ደፋር ሰው አያቀርብም። ስለዚህ ዋስትናው ለምን እንደሆነ መለየት አለብን። የዕቁብ ዋስ ገንዘቡ እንዲመለስ ዋስ ነው፤ የሰው ዋስ ግን ለነገ ሊምል አይችልም፣ ሰው ይለወጣልና። ሊጠየቅ የሚገባው ስላወቀውና ስለደበቀው ነው። መምህሩ ልጁ ተማሪ ሲደበድብ አይቶ «ጨዋ ነው» ብሎ ከጻፈ ይጠየቅ፤ ልጁ ከአሥር ዓመት በኋላ በማይታወቅ ግንባር ቢሰበር አይጠየቅ። ይህ እንዲሆን ምስክርነቱ የተቋም ሳይሆን የሰው መሆን አለበት። «ቀበሌው ያረጋግጣል» የሚለው ሐረግ ሐሰተኛ ምስክርን የሚደብቅ ግድግዳ ነው፤ «እኔ እገሌ፣ ለአራት ዓመት ያስተማርኩት፣ ይህንን አይቻለሁ» የሚለው ግን አይደብቅም። ደብዳቤውም ዕጩው ከተመረቀ በኋላ የሚጣል ሳይሆን ከግል ማኅደሩ ጋር የሚቀመጥ ቢሆን፣ የሚጽፈው ሰው ብዕሩን ሲያነሣ እጁ ትንሽ ትከብደዋለች።

የሚቀረው ማንም የማያውቀው ወጣት ነው። ከእዣ መንደሮች ገና በልጅነቱ ወጥቶ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ በማታ የሚማር ልጅ፣ የትውልድ ቀበሌው ረስቶታል፤ የሚኖርበት ቀበሌ ደግሞ መታወቂያ እንኳን አልሰጠውም ይሆናል። ዋስ ጥራ ቢባል የሚጠራው የለውም። የሰው ምስክርነት ይኑር የሚል ክርክር ይህንን ልጅ ከበር ካስቀረው ክርክሩ ተሸንፏል። እዚህ ላይ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ያደረገው ይጠቅመኛል። ኤልያብን በቁመናው ተታልሎ ሊቀባው ነበር፤ ሰባቱ ወንድማማቾች አልፈው ሳይመረጡ ሲቀሩ ግን ከፊቱ ካሉት መካከል የሚሻለውን ልምረጥ አላለም፤ ልጆችህ እነዚህ ብቻ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሜዳ ላይ በግ ሲጠብቅ የተረሳው ዳዊት የመጣው በዚህ ጥያቄ ነው። የሚያጭ ሰው ሥራው ደጁ የመጣውን መመዘን ብቻ ሳይሆን ያልመጣውን መፈለግ ጭምር ነው። ለሥርዓቱም እንዲሁ፦ ከየወረዳው በምስክርነት ከሚሞላው ቦታ ጎን ያለ ምንም ደብዳቤ፣ በውጤትና ረዘም ባለ የሙከራ ሥልጠና ብቻ የሚገባበት የተወሰነ ቦታ ሊተው ይገባል። አሜሪካኖችም ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ አካዳሚያቸው የእንደራሴ ጥቆማ አይጠይቁም፤ መኮንኖቹም ከሌሎቹ አንሰው አልተገኙም። ያ በር ጠባብ ይሁን፤ ምስክር ያላቸው ሊጋፉበት የማይችሉት ይሁን፤ ስድስት ወር ወይም ዓመት ሙሉ አሠልጣኞቹ አጠገቡ ሆነው የሚያዩት ይሁን። በዚያ ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለ ልጁ የሚጽፈው አሠልጣኝ ስሙን ያስፍር፤ የልጁ የመጀመሪያ ዋስ እርሱ ነውና።